ኮሪያኛን በአቡጊዳ

ፊደል በማስቆጠር ያረጀሁ ሰው ነኝ። በመቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ በእግሬ ስሄድ ባጃጁን አቁሞ «መምህር፣ ይግቡ ላድርስዎት» የሚለኝ ሹፌር፣ ባንክ ቤት ስገባ ወንበር የምታቀርብልኝ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ማዘዣዬን ተቀብሎ «የእጅ ጽሕፈቴን ያስተካከሉልኝ እርስዎ ነበሩ» የሚለኝ ጎልማሳ፣ ሁሉም ሀሁን ከእኔ አፍ የሰሙ ናቸው። አማርኛ ላስተምር ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁት ጢሜ በደንብ ሳይበቅል ነው። የመቀሌ ልጅ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ዋናው ግን የወተት ጥርሷ ረግፎ ያላለቀ ልጅ እያዛጋች የምታነበውን ፊደል እኔ ማንበብ አቅቶኝ ምን ያህል እንደተቃጠልኩ እንዲገባችሁ ነው።

ልጅቷ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ፣ ብቸኛዋ ልጃችን፣ እንዳ ኢየሱስ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በማዕረግ ተመረቀችና ለሁለተኛ ዲግሪ ኮሪያ ሄደች። ትምህርቱ አለቀ፣ እሷ ግን አልተመለሰችም፤ የዚያን አገር ሰው አግብታ እዚያው ወለደች። ሕፃኗ ገና በዳዴ ሳለች በስልክ ከእኔ ጋር ትጫወት ነበር። እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትደግፍላታለች፣ እኔ እዚህ ሳሎን ቁጭ ብዬ «ሀ በይ» እላታለሁ፣ እሷም «ሀ» ትላለች። ሚስቴ ከጎኔ ሆና «ኣንታ ሰብኣይ፣ መጀመሪያ በእግሯ ትሂድ እንጂ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሚስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ልጅ በየትኛው ወር ምን ማድረግ እንዳለበት ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ከዚያ መቀሌ ስልክም መብራትም የጠፋባቸው ዓመታት መጡ። ስለ እነሱ እዚህ አልጽፍም፤ ያየ ሰው አይጠይቀኝም፣ ላላየው ደግሞ በዚህ ወረቀት አይበቃም። ስልክ ሲመለስ «ሀ» ትለኝ የነበረችው ሕፃን ፀጉሯ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ፣ ቦርሳ የምታዝል ልጅ ሆና ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። «እንደምን ነሽ የኔ እመቤት!» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፣ ከወንበሩ ወረደች፣ ሄደች። በር ሲዘጋ ሰማን። በሚቀጥለው ጊዜም እንደዚያው ሆነ፣ ከዚያ በኋላም።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ክፍል ውስጥ ጨርሼው ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጄ ላይ ጮህኩባት። «የአማርኛ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ ለልጅሽ ሁለት ቃል ማስተማር እንዲህ ከበደሽ? ሰላምታ እንኳ? ሰላምታ!» አልኳት።

አስጨረሰችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ስልክ በጠፋ ጊዜ በሕይወት መኖራችሁን አላውቅም ነበር። አማርኛ ባወራኋት ቁጥር አንተ ትዝ ትለኝና አለቅሳለሁ። በትግርኛ ልሞክር ስል እናቴ ትዝ ትለኝና አለቅሳለሁ። እሷም አማርኛ የሰማች እንደሆነ እኔ ላለቅስ ነው ብላ ታምናለች። ታዲያ ብትሸሽ ይፈረድባታል?» አለችኝ።

ሚስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስወደው የኖርኩት ቋንቋ ለአንዲት ልጅ የለቅሶ ምልክት ሆኗል ሲባል ሰው ምን ይላል? ልጄ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ይዛት እንደምትመጣ ነገረችን። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ። ሕፃኗ መቀሌ መጥታ ከእኔ ልትሸሽ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ ምን ያህል በር አለና ነው የምትዘጋው።

እንግዲያውስ እኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ አልኩ። አፌ ኮሪያኛን ለመልመድ እንዳረጀ አውቃለሁ፣ ፊደል ግን ሙያዬ ነው። ስንቱን ዓይኑን ያበራሁ ሰው የኮሪያን ፊደል ብቆጥርስ ምን ያቅተኛል? በኮሪያ ፊደል እጽፍላታለሁ፣ የእሷን ጽሑፍ አነባለሁ፣ ስትመጣ ቢያንስ በእኛ መካከል ለቅሶ የሌለበት ነገር ይኖራል። ልጄ የፊደሎቹን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በትልቁ አሳተምኩት። ባለቤቱ ወረቀቱን ከማሽኑ አውጥቶ አገላብጦ አየውና፣ «መምህር፣ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ? ይሄ ፕላን የማን ነው?» አለኝ። ያኔ ስቄ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰውየው እውነቱን ነው አልኩ።

የኮሪያ ፊደል ጭረትና ክብ ነው። ረጅም ጭረት ታቆማለህ፤ ከጎኗ አጭር ጭረት ትለጥፋለህ። አጭሯ በቀኝ ከሆነች አ፣ በግራ ከሆነች ኧ። ረጅሟን አስተኝተህ አጭሯን ከላይ ካስቀመጥካት ኦ፣ ከታች ካስቀመጥካት ኡ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ድምፁ ሁሉ እኛ ቤት ያለ ነው፤ ፈረንጅ ምላሱን የሚሰብርበት ኧ እንኳ አላቸው፣ «እ»ም አላቸው። አፌ ምንም አልተቸገረም። ዓይኔ ግን ጥፍር በማታህል ጭረት ቀኝና ግራውን መለየት እምቢ አለ። እኛ ፊደላችንን እግር ስናስረዝምለት፣ ቀለበት ስናንጠለጥልለት፣ ቢያንስ ፊደሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ይሄ ከየትኛውም በኩል ብታየው እንጨት ነው።

«ዓይንህ ነው» አለች ሚስቴ። «ዓይደር ሂድና አሳየው።»

እውነትም ዓይኔ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። በሚኒባስ ዓይደር ወርጄ አንድ የዓይን ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እያመለከተች አስነበበችኝ፤ እኔም እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ደፋ ቀና ብዬ ወረድኩ። አዲስ መነጽር ታዘዘልኝ። መነጽሩ ሲደርስ አጥልቄው ከወረቀቱ ፊት ተቀመጥኩ። ሚስቴ «እሞ፣ አሁንስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አሁን የማላውቀውን ጥርት አድርጌ አየዋለሁ» አልኳት።

ጭረቶቹን በብዙ መከራ ስለያቸው ደግሞ ብቻቸውን እንደማይቆሙ ተነገረኝ። ፊደሎቹ እየተጠጋጉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ፣ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ልክ ክፍል ተጋርተው እንደሚኖሩ ተከራዮች። አንዱ ከላይ በግራ፣ አንዱ ከጎኑ፣ ሌላው ደግሞ ምድር ቤት ተኝቶ። አንድ ክብ አለች፤ ከላይ ስትሆን ዝም ትላለች፣ ከታች ስትሆን በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። «ለምን?» አልኩ ልጄን። «እንደዚያ ነው አባዬ» አለችኝ። ይህን መልስ ተማሪዎቼ ስለ ሠ እና ስለ ሰ ሲጠይቁኝ እኔም እሰጣቸው ነበር፤ ምን ያህል የሚያበግን መልስ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሚስቴ ምንም ሳትማር ቀደመችኝ። ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ታያለች። ከዚያ የቃረመቻቸው ጥቂት ቃላት አሏት፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ግድ የላትም። ልጄ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና «አንየንግ!» ብላ በኮሪያኛ ሰላም ትላለች። ቀጥላም እንደ ድራማዎቹ ባልቴቶች ጭኗን መታ አድርጋ «አይጎ! አይጎ!» ትላለች። በሩን ዘግታ የሄደችው ልጅ በሩን ከፍታ ትመጣለች። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ድምፄን ካሰማሁ ትሄዳለችና ዝም ብዬ ከስልኩ ጀርባ እቀመጣለሁ። ቅናት አንገበገበኝ። በገዛ ሚስቴ እንደዚያ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አንተም አይጎ በል፣ ምን ችግር አለው?» ትለኛለች። «ልጅቷ ፊደል ቁጠርልኝ አላለችህ!»

እኔ ግን እንደዚያ አልሆንልኝ አለ። ያላየሁት ነገር ጆሮዬ ውስጥ አይቆምም። ትግርኛን እንኳ የተማርኩት ከሱቅ በር ላይ ጽሑፍ እያነበብኩ ነው፤ አማቶቼ ቤት የመጀመሪያ ጊዜ ስገባ የሱቅ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው እየተናገርኩ ነበር፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታስመስለኛለች።

አንድ ቀን ልጄ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። «የባሌ አያት በልጅነታቸው የተማሩበት ነው፣ ምናልባት ይቀልህ ይሆናል» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው ብድግ አልኩ። የፊደል ገበታ ነው! የእኛው ዓይነት ገበታ! አንዱ ፊደል በመስመር እየሄደ ድምፁን ይለዋውጣል፤ «ጋ ግያ ገ ግየ ጎ ግዮ ጉ ግዩ ግ ጊ»። ከዚያ ወርዶ በ«ና» ይጀምራል፣ ከዚያ በ«ዳ»፣ ከዚያ በ«ራ»። የኮሪያ ሽማግሌዎችም ልክ እንደ እኛ እያዜሙ ነው የተማሩት ማለት ነው። ይሄንንማ ለማን ልታስተምሪው ነው አልኩ። ገበታውን አስተልቄ አሳተምኩና የሠርጋችንን ፎቶ ከሳሎን ግድግዳ አውርጄ በቦታው ሰቀልኩት። ሚስቴ ፎቶውን አቅፋ ቆማ አየችኝ።

በየጠዋቱ ገበታው ፊት ቆሜ በስንጥር እየጠቆምኩ አዜም ጀመር። ዜማው ሳስበው የመጣ አይደለም፤ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት የለመድኩት ነው፣ አፌ ራሱ አወጣው። ተሳስቼ ስቆም ለተማሪዎቼ እንደምለው «ድገም!» ብዬ በራሴ ላይ እጮሃለሁ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን አንድ ቀን ሚስቴን ጠርታ፣ «መምህር ሱባዔ ገብተው ነው? ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የሚደግሙት?» ብላ ጠየቀቻት።

«የኮርያ ዳዊት» አለቻት ሚስቴ።

ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሳልሳሳት ስወጣው ለልጄ ደወልኩላት። ከልጅሽ ጋር ሆናችሁ ፈትኑኝ አልኳት። እሁድ ረፋድ ላይ ነበር፣ እዚያ ቀኑ መሽቷል ሊባል ምንም አልቀረውም። ልጄ ሕፃኗን ምን ብላ እንዳግባባቻት አላውቅም፣ ብቻ መጣች። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በእጇ ፊደል የተጻፈባቸው ካርዶች ይዛለች። አማርኛ እንዳላወጣ ጥርሴን ነክሻለሁ። የመጀመሪያውን ካርድ አነሳች። ጋ ነው። «ጋ!» አልኩ። ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ካርድ ከገበታው መሐል የሆነ ቦታ ያለ ነው። አየሁት፤ አውቀዋለሁ፤ ግን ስሙ አልመጣልኝም። ስሙን ለማግኘት ከላይ መጀመር ነበረብኝ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ «ጋ፣ ና፣ ዳ፣ ራ…» እያልኩ በሆዴ ወረድኩ። መስመሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ከመስመሩ ራስ ተነስቼ በጣቴ እየቆጠርኩ ወደ ጎን ሄድኩ። መሐል ላይ ዜማው ጠፋኝ። «ድገም!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስል። ሕፃኗ ደነገጠች። እንደገና ከጋ ተነሳሁ። ልጄ «አባዬ፣ ኔትወርክ ነው?» አለች። ኔትወርክ አልነበረም።

በሦስተኛውም ካርድ እንዲሁ ሆንኩ። ሕፃኗ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ካርዶቹን ሰብስባ ለእናቷ አንድ ነገር አለቻትና ሄደች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ተወው አባዬ፣ ልጅ ናት።»

«ምን አለች አልኩሽ!»

«ይዘፍናል እንጂ አያነብም አለች።»

ስልኩ እንደተዘጋ ገበታውን ከግድግዳው ገነጠልኩት። ሚስቴ አልተቆጣችም፤ የሠርጋችንን ፎቶ አምጥታ ወደ ቦታው መለሰችው፣ በቀሚሷ ጫፍም መስተዋቱን ጠረገችው። እኔ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገቱን እየወጣሁ በመንገድ ያለውን ሁሉ ሰደብኩ፤ ኮሪያን፣ ጭረቶቹን፣ ኔትወርኩን፣ ዳገቱን። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ልጅቷ ልክ መሆኗ ነው። በቃሉ የሸመደደ ተማሪ አንደኛ ክፍል ሲመጣልኝ ገና አፉን ሲከፍት አውቀው ነበር። ዓይኑ ገበታው ላይ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ነው። እሷም በስልክ ሆና ዓይኔ ጣሪያ ላይ መሆኑን አየች። እኔን አያቷን የመሰለች ልጅ ከእኔ ሸሸች ብዬ ተቃጠልኩ።

ለብዙ ቀን ወረቀቱን አልነካሁትም። ሲደወል መተኛቴን እንድትነግር ሚስቴን አዘዝኳት። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ትክ ብላ አየችኝና፣ «ኣንታ፣ እንደዚህ በዜማ ብቻ የሚይዙ ልጆች ሲያጋጥሙህ ምን ታደርጋቸው ነበር?» አለችኝ።

«አቡጊዳ አስገባቸዋለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋቸዋለሁ» አልኩ በንዴት። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። እሷ ደግሞ ምንም እንዳልተናገረች ወጧን ጨለፈች።

የቄስ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ላያውቀው ይችላል። ልጅ ሀሁን በዜማ ይጨርሳል፤ ሲጨርስ የተማረ ይመስለዋል። ያኔ የኔታ ሌላ ገበታ ያመጡለታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ የለመደው ዜማ ተሸክሞ የሚወስደው አንድም ቦታ የለም። ዓይኑን ገልጦ እያንዳንዷን ፊደል ማየት አለበት። እኔ በልጅነቴ አቡጊዳ ላይ ስደርስ ሁለተኛ አልመጣም ብዬ አልቅሼ ነበር። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ግን አምኜበት ስንቱን ልጅ በእሱ ፈትኜበታለሁ። የራሴ ነገር ሲሆን ጠፍቶኝ ኖሯል።

የኮሪያን አቡጊዳ ራሴ ሠራሁት። ከመጀመሪያው መስመር አንድ፣ ከሁለተኛው መስመር ሌላ ድምፅ፣ ከሦስተኛው ሌላ፣ እያልኩ በሰያፍ ወረድኩ። ጋ፣ ነ፣ ዶ፣ ሩ፣ ም፣ ቢ። ልጄ ስትሰማው ሳቋ መጣ። «አባዬ፣ እንዲህ የሚል ኮሪያዊ በምድር ላይ የለም» አለችኝ። «ካሁን በኋላ አንድ አለ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። አልነበረም። አቡጊዳው እንደ ልጅነቴ አስጠላኝ። ዜማ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል ብቻውን ይመጣል፤ ብቻውን ሲመጣ ቀኙንና ግራውን እሳሳታለሁ፤ ስሳሳት «ድገም!» እላለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ፣ ሚስቴ ከኩሽና ሆና እኔን ቀድማ «ድገም!» ማለት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሥራ ስትመለስ በስልክ ታስነብበኛለች። አንዳንድ ቀን ራሴን እስኪያመኝ አንብቤ አንዲት ቃል ብቻ ይዤ እወጣለሁ። ያቺንም ነገ ስመጣ አላገኛትም። ምድር ቤት የሚተኙት ፊደሎችማ አሁንም ጠላቶቼ ናቸው፤ እንደ ጎረቤታቸው ድምፃቸውን ይለውጣሉ።

አንድ ቀን ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ዞር እንዳትል፣ ዝም ብለህ አንብብ። ኮሪደሩ ላይ ሆና እየሰማችህ ነው» አለችኝ። ከልጄ ትከሻ ባሻገር በበሩ ጥግ የቢጫ ካልሲ ጫፍ ይታያል። ከዚያ በኋላ ባነበብኩ ቁጥር ካልሲዋን እፈልጋለሁ። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ካልሲው ወደ ክፍሉ ግን አልገባም።

ክረምት ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያ የሄድኩት በትልቅ ካርቶን ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚለውን በኮሪያኛ ጽፌ ነው። ለማንም አላሳየሁም፤ ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ አረምኩት፣ መነጽሬን አውልቄም አጥልቄም አየሁት። በሩ ሲከፈት ልጄ ሻንጣዋን ትታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሕፃኗ ካርቶኑ ፊት ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እያነበበችው ነው። መሐል ላይ ቆመች። አንዷን ፊደል በጣቷ ለእናቷ አሳየቻት። አጭሯ ጭረት በግራ ወጥታለች። ያን ሁሉ ቀን አይቼ፣ ያን ሁሉ ቀን አርሜ! ካርቶኑን መሬት ውስጥ ብቀብረው ደስ ይለኝ ነበር። ሕፃኗ ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ እንደ አገሯ ሥርዓት፣ እጅ ነሳችኝና ከእናቷ ጀርባ ገባች።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት እንዲህ ሄዱ። ሚስቴ ጭኗን መታ አድርጋ «አይጎ» ስትል ታቅፋታለች፤ እኔን ጠዋት ጠዋት እጅ ትነሳኛለች። እኔም እጅ እነሳታለሁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሹማምንት ይመስል እየተጎነበስን እንተላለፋለን። ልጄ «ቀስ ትላለች፣ ጊዜ ስጣት» ትላለች። መመለሻቸው እየቀረበ የምሰጠው ጊዜ ከየት ይመጣል ብዬ እበሳጫለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ድራማው መሐል ላይ ጨለመ፤ ሚስቴና ልጄ ወደ ኩሽና ገቡ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ሕፃኗ መጣች። በእጇ የሥዕል መጽሐፍ አለ፤ ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት የተሳለችበት። ሶፋው ላይ ከጎኔ ወጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፣ ከፈተችው፣ ጠበቀች።

መነጽሬን አጠለቅሁና ማንበብ ጀመርኩ። ፊደሎቹን አወቅኋቸው። አንዷን እላለሁ፣ ቀጣይዋን እላለሁ፣ ይገጣጠማሉ። ግን ምን እንደሚሉ አላውቅም። ቃሉ የት እንደሚያልቅ፣ ነገሩ የት ላይ እንደሚያስቅ፣ የት ላይ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፣ ምኑንም አላውቅም። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩት እንዲህ ነበር፤ ግዕዙን አንድም ቃል ሳልረዳ፣ ፊደሉን ብቻ አምኜ። ለካ ትርጉሙን ለማያውቀው ጽሑፍ አፌ አንድ ዓይነት አነባበብ ብቻ ነው ያለው። የእንቁራሪቷን ታሪክ በዳዊት ዜማ ነበር የማነበው፤ ልብ ያልኩት ግማሽ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሕፃኗ አፏን በእጇ ይዛለች። ገጹን ስገልጥ ሳቋ አመለጣት። በዜማው ይሁን፣ በስህተቴ ይሁን፣ በእንቁራሪቷ ይሁን አላወቅሁም፤ አለማወቄም አናደደኝ። እኔው ራሴ ያነበብኩት ነገር ምን እንደሚያስቅ ለእኔ ሚስጥር ነው! ቢሆንም ቀጠልኩ፣ እሷም ወደ እኔ ተጠጋች፤ ፀጉሯ ክርኔን እስኪነካኝ ድረስ።

ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ነው፣ ታለቅሳለች። ለማቆም እየሞከረች አልቻለችም።

አፌ ላይ የነበረው ፊደል እዚያው ቀረ። አለቀልኝ አልኩ። ሕፃኗ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፤ ያንን አስተያየት በስልክ አውቀዋለሁ። አሁን ደግሞ ኮሪያኛውንም ከእኔ ጋር ልትሸሸው ነው። ከሶፋው ስትወርድ፣ በሩ ሲዘጋ እስክሰማ ጠበቅሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ መጽሐፉን ይዤ እጠብቃለሁ።

አልወረደችም። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ካቆምኩበት መስመር ላይ ጣቷን አስቀመጠች። እጅጌዬን ጎተት አደረገችው። ቅንድቧን ሰብስባ፣ ልክ እንደ እኔ በቁጣ፣

«ድገም!» አለችኝ።

ምን እንደሚል ሳላውቅ ደገምኩት።